የደረቀ ፐርማነንት ማርከር ይነሣል ወይስ ይጣላል? ከባሕር ዳር የቀረበ ጥያቄና የተሰጡት ምላሾች

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች። የምሠራው ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ነው። በጋው ሲገፋ፣ በተለይም በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ሲበረታ፣ አልቀዋል ተብለው ከየክፍሉ የሚመለሱት ማርከሮች ካርቶን ይሞላሉ። ክዳናቸውን እየከፈትሁ ስመረምራቸው ግን አብዛኞቹ ያላለቁ፣ ነገር ግን የደረቁ ሆነው አገኛቸዋለሁ። በእኔ እምነት ከእነዚህ ማርከሮች የጠፋው ቀለሙ ሳይሆን ቀለሙን አሟሙቶ ወደ ጫፉ የሚያደርሰው ፈሳሽ ነው፤ ስለዚህም ያንኑ ዓይነት ፈሳሽ በልኩ የመለሰላቸው ሰው ብዙዎቹን እንደገና ሊያስጽፋቸው ይችላል። በሰሌዳ፣ በካርታ፣ በፋይልና በዕቃ ላይ የሚጻፈው ሁሉ በማርከር በሆነበት ቤት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የትኛው ፈሳሽ እንደሚሻል፣ በምን ያህል መጠንና በምን ዘዴ እንደሚሰጥ፣ ተስፋ ሊቆረጥበት የሚገባው ማርከርስ በምን እንደሚታወቅ የምታውቁ ብትጽፉልኝ። ከሰማችሁት ይልቅ በእጃችሁ ሠርታችሁ ያያችሁትን ብትነግሩኝ እመርጣለሁ።

ክሩ (የጥያቄውና የምላሾቹ ተከታታይ) እጅግ ስለ ረዘመ፣ ዘግይቶ የሚመጣ አንባቢ እንዳይቸገር ምላሾቹን በተራ ቁጥራቸው በራሴ አገላለጽ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። አስፈላጊ መስሎ በታየኝ ቦታም የራሴን ፍርድ ጨምሬአለሁ።

1ኛ ምላሽ

በጸሐፊነት ብዙ ዘመን ያገለገሉ እናት ከሰላምታ ጋር ሐሳቡን እንደሚደግፉ ገልጸው፣ ማንኛውም ፈሳሽ ከመነካቱ በፊት ሊደረግ የሚገባውን አስታወሱ። እርሱም ማርከሩን አጥብቆ ከድኖ፣ ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ብርጭቆ ውስጥ አቁሞ ማሳደር ነው። ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ለብዙ ጊዜ የቆመ ማርከር ቀለሙ ወደ ኋላ ስለሚቀር የደረቀ ይመስላል፤ ሲገለበጥ ግን ቀለሙ ቀስ እያለ ይመለሳል። ምክራቸው ወጪ የማይጠይቅ፣ የሚያበላሸውም ነገር የሌለ በመሆኑ ከሁሉ መቅደሙ ተገቢ ነው።

2ኛ ምላሽ

አንድ ተማሪ ጫፉን ሙቅ ውኃ ውስጥ መንከር እንደሚበቃ፣ እርሱም በዚሁ መንገድ የክፍል ሥራውን ጽፎ እንደ ጨረሰ ተናገረ።

3ኛ ምላሽ

አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት ተማሪውን ሳያሳፍሩ ነገሩን ከሥሩ አስረዱ። የፐርማነንት ማርከር ቀለም ሦስት ነገሮችን ይዟል፦ ቀለም ሰጪውን፣ እርሱን ከተጻፈበት ገጽ ጋር የሚያጣብቀውን ሙጫና ሁለቱን አሟሙቶ የያዘውን ፈሳሽ። ይህ ፈሳሽ በዛሬዎቹ ማርከሮች አብዛኛውን ጊዜ የአልኮል ዓይነት ነው፤ ኢታኖል፣ ፕሮፓኖል ወይም የእነዚህና የመሰሎቻቸው ድብልቅ ሊሆን ይችላል። ኢታኖል በባሕር ወለል ላይ በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲፈላ ውኃ ግን እስከ 100 ዲግሪ ይጠብቃል፤ ከዚህም አልኮል ለመትነን ምን ያህል የፈጠነ መሆኑንና ክዳኑ የተረሳ ማርከር ለምን ቶሎ እንደሚደርቅ መረዳት ይቻላል። የሚተንነው ፈሳሹ ብቻ ነው። ቀለሙና ሙጫው ባሉበት ይቀራሉ፣ ጫፉም ላይ ይጠነክራሉ።

ማርከሩ እንደ ኩራዝ ክር ነው አሉ። ውስጡ ያለው ጥጥ መሰል ነገር ቀለሙን አቁሮ ይይዛል፤ ጫፉ ደግሞ በደቃቅ ቀዳዳዎቹ እየሳበ ያወጣዋል። የጫፉ ቀዳዳዎች በደረቀ ሙጫ ከተደፈኑ ውስጡ የቱንም ያህል ቀለም ቢኖር አይወጣም። ሙጫው ደግሞ በውኃ የሚሟሟ አይደለም፤ በጀሪካን ላይ የተጻፈ ስም ክረምቱን ሙሉ ዝናብ እየወረደበት የማይለቀው ስለዚህ ነው። ውኃ ወደ ጫፉ ሲገባ ሙጫው የበለጠ ይረጋል እንጂ አይላላም። ተማሪው ያየው የሙቀቱን ሥራ እንደሆነ፣ ሙቀቱ ሙጫውን ለጥቂት ጊዜ አለስልሶ የቀረውን ቀለም እንዳስወጣለት ገመቱ። ውኃ የሚጠቅመው ሕፃናት ሥዕል ለሚቀቡባቸው፣ ከእጅና ከልብስ በውኃ ለሚታጠቡት ማርከሮች ብቻ መሆኑን አክለዋል። ከዚህ በኋላ የመጣው ክርክር ሁሉ የተመለሰው ወደዚህ ምላሽ ስለሆነ፣ አንባቢ አንድ ምላሽ ብቻ ለማንበብ ጊዜ ቢኖረው ይህንን እንዲመርጥ እመክራለሁ።

4ኛ፣ 5ኛ እና 6ኛ ምላሾች

በሽምብጥ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ያላቸው ሰው፣ የደረቀን ማርከር ማስነሣት ድካም እንጂ ትርፍ እንደሌለው፣ ተነሣ የተባለውም ብዙ እንደማይቆይ ጻፉ። ወዲያው የተከተለው 5ኛው ምላሽ የክሩ የመጀመሪያው ሻካራ ቃል የተሰማበት ነው፤ ጸሐፊው ሻጭ የሆነ ሰው ከዚህ የተለየ ሊናገር እንደማይችል፣ ገበያው እንዳይቀርበት እንደሚፈራ አድርጎ መለሰ። ባለመደብሩ በ6ኛው ምላሽ በቁጣ አልመለሱም። ለደንበኞቻቸው ሁሉ ክዳኑን ቀጭ እስኪል ድረስ እንዲጫኑ፣ ማርከሩን አጋድመው እንዲያስቀምጡ፣ በባጃጅ መስታወት ሥርና በመስኮት ዳር ፀሐይ ላይ እንዳይተዉት እንደሚነግሩ አስረዱ። እንዲህ ያለውን ምክር የሚሰጥ ሰው ብዙ ለመሸጥ የሚሠራ ሊባል አይችልምና በ5ኛው ምላሽ የተሰነዘረው ነቀፋ ያለቦታው የወደቀ ነበር። አጋድሞ ማስቀመጥ የሚለው ቃላቸው በተለይ ሊያዝ ይገባዋል፤ ቀለሙ ወደ አንድ ወገን እንዳያደላ የሚያደርገው ይኸው ነውና።

7ኛ፣ 8ኛ እና 9ኛ ምላሾች

ከጎጃም ገጠር የመጡ አንድ ሰው፣ አስፈላጊው አልኮል ከሆነ በየቤቱ ያለው አረቄ ምን ይጎድለዋል ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ብዙዎች በልባቸው የያዙት ስለነበር በቁም ነገር መነሣቱ መልካም ሆነ። የኬሚስትሪ መምህርቷ በ8ኛው ምላሽ ተመልሰው፣ ዳግም የወጣ ጠንካራ አረቄ እንኳን ግማሽ ያህሉ ውኃ መሆኑን፣ ተራው አረቄ ደግሞ ውኃው ከዚያም እንደሚበልጥ አስረዱ። የአረቄው አልኮል ሙጫውን ሲያላላ ውኃው መልሶ ያረጋዋል፤ ስለዚህ ለጊዜው የገረጣ መስመር ይሰጥ ይሆናል እንጂ ማርከሩን አያድነውም። 9ኛው ምላሽ የአረቄ አወጣጥን በሰፊው የሚተርክ ነበር፤ ጌሾውን፣ ብቅሉንና የጋኑን አስተጣጠን ሳይቀር አንሥቷል። ጽሑፉ ጥሩ ቢሆንም ከጉዳያችን ውጭ ስለሆነ አልፌዋለሁ።

10ኛ እና 11ኛ ምላሾች

10ኛው ምላሽ ከወረርሽኙ ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር በየመሥሪያ ቤቱ መኖሩን ጠቅሶ እርሱ ይሆን እንደሆነ ጠየቀ። መልሱ የመጣው በመድኃኒት ቤት ከሚሠሩ ባለሙያ ነው፤ ስለ ፈሳሹ ምርጫ ከተጻፈው ሁሉ የተሟላው ይህ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ካወጣቸው ሁለት የእጅ ማጽጃ ቀመሮች አንደኛው 80 በመቶ ኢታኖል ሲኖረው ቆዳን የሚያለሰልስ 1.45 በመቶ ግሊሰሮልም ይጨመርበታል። ግሊሰሮል አይተንንም፤ ጫፉ ላይ ቀርቶ ጽሑፉ እንዳይደርቅና እንዲያጣብቅ ያደርጋል። እንደ ጄል የወፈረው ሳኒታይዘር ደግሞ ማወፈሪያው ራሱ የጫፉን ቀዳዳዎች ስለሚደፍን ጨርሶ አይሆንም።

ቁስል ለማጽዳት የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ጀርም ለመግደል ከንጹሑ አልኮል ይሻላል፤ ውስጡ ያለው ውኃ ለዚያ ሥራ ይጠቅመዋልና። ለማርከር ግን ያው ውኃ ጉዳት ነው። ስለዚህ ከተገኘ ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን ኢታኖል ወይም አይሶፕሮፒል አልኮል (የፕሮፓኖል ዓይነት ነው) መጠቀም፣ ካልተገኘ ደግሞ 70 በመቶውን ጫፉ ብቻ ለደረቀበት ማርከር መሞከር ይቻላል አሉ። ባለሙያው አጥብቀው ያስጠነቀቁት፣ ምንነቱ ሳይታወቅ በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥን ፈሳሽ ሁሉ አልኮል ነው ብሎ እንዳይገዛ ነው፤ ሜታኖል ሆኖ ቢገኝ ትነቱም በቆዳ የሚገባውም ጎጂ ነው፣ ቢጠጣ ደግሞ ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላልም። ተማሪዎች ባሉበት ቤት ይህ ማስጠንቀቂያ ከማርከሩ ይበልጣል።

12ኛ እና 13ኛ ምላሾች

የ2ኛው ምላሽ ባለቤት ተመልሶ፣ ውኃ የነከረው ማርከር አሁን ፈጽሞ እምቢ እንዳለው በትሕትና ጽፎ መፍትሔ ጠየቀ። መምህርቷ ጫፉን በወረንጦ ነቅሎ በአልኮል እንዲያጥበው፣ በንጹሕ ጨርቅ እየተጫነ ውኃውን እንዲያስወጣውና በአየር አድርቆ ሲመልሰው አንድ ሁለት ጠብታ አልኮል እንዲጨምርበት ነገሩት። ቀለሙ ጓጉሎ ከሆነ ግን ከተመሳሳይ ማርከር ጫፍ ወስዶ መተካት ብቻ ነው የሚቀረው።

14ኛ ምላሽ

ጣና ዳር ከአሥጋሪዎች ዓሣ ተረክበው ለነጋዴ የሚያስተላልፉ ሰው ያቀረቡት ችግር ክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ መራው። የቆሮሶውንና የአምባዛውን ሳጥን ለመለየት ባለቤቱንና ክብደቱን በማርከር ይጽፋሉ፤ አዲስ ማርከር ጠዋት ተከፍቶ ቀትር ላይ አይጽፍም። አልኮል ቢነክሩትም ጥቂት ጽፎ ያቆማል። ክዳኑን ሁልጊዜ እንደሚዘጉ አረጋግጠዋል። ታዲያ ምን አደረቀው?

15ኛ ምላሽ

በግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ የማስታወቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ባለሙያ የሰጡት መልስ ከሁሉ የረዘመ ነው፤ መርዘሙም ተገቢ ነበር። የዓሣ ሳጥኑ ማርከር አልደረቀም አሉ። እርጥብና ቅባት የነካው ገጽ ላይ ሲጻፍ ጫፉ የዓሣውን ስብና ውኃውን ይጠጣል፤ ስቡም ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። እንዲህ ላለው ማርከር ተጨማሪ ፈሳሽ መስጠት ውስጡን ከማቅጠን በቀር ፋይዳ የለውም። መፍትሔው ሳጥኑን አስቀድሞ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ጫፉን አልኮል በነካ ጨርቅ ደጋግሞ መጫንና ማጽዳት፣ ስቡ ጠልቆ ከገባም የጫፉን ፊት በስለታም ምላጭ ስስ አድርጎ መቁረጥ ነው።

ከዚያ ወደ ዋናው ጥያቄ ተሻግረው የሕመሙን ዓይነት ሳይለዩ መድኃኒት መስጠት ማርከሩን እንደሚገድል አስረዱ። የሚለዩትም እንዲህ ነው። በጠርሙስ ቆርኪ ጥቂት አልኮል ያደርጋሉ፤ ጫፉን ብቻ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያስነኩታል፤ ከዚያ ከድነው ጥቂት ይጠብቁና በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፉበታል። መጻፍ ጀምሮ ከቀጠለ የደረቀው ጫፉ ብቻ ነበር፤ ሥራው በዚሁ አለቀ። ጥቂት መስመር ጽፎ ከገረጣ የደረቀው ውስጠኛው ጥጥ ነው። አልኮሉ ምንም ቀለም ሳይዝ ነጭ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ቀለሙ ራሱ አልቋል፤ በዚህ ጊዜ የሚያስነሣው ነገር የለምና መጣል ነው። ጫፉን በአልኮል ውስጥ ረስቶ ማሳደር የብዙ ሰው ስሕተት መሆኑን፣ እንዲያ ከሆነ የቀረው ቀለም ሁሉ ወደ ቆርኪው ወጥቶ እንደሚባክን አሳሰቡ።

ውስጡ ለደረቀው ያላቸው ዘዴ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ጫፉን በወረንጦ፣ ወይም ወረቀት በተጠቀለለበት ፒንሳ ቀስ ብሎ መንቀል፤ በአንዳንዱ ማርከር ጫፉ ከሁለቱም ወገን የተሾለ ስለሆነ የተበላሸው ወገን ወደ ውስጥ ተገልብጦ አዲሱ ወገን ሊወጣ ይችላል። ከዚያ መርፌ ባለው ስሪንጅ አልኮሉን ወደ ጥጡ በጠብታ መስጠት። ጣት ለሚያህል ማርከር ከ1 ሚሊ ሊትር ያነሰ ይበቃል፤ ጠብታው ተመጥጦ እስኪገባ ሳይጠብቁ ሌላ መጨመር አይገባም። የበዛ እንደሆነ በጫፉ ዙሪያ ይንጠባጠባል፣ ጽሑፉም ውኃማ ሆኖ ወረቀት ላይ ይሰፋል። ጫፉን መልሶ አጥብቆ ከከደኑ በኋላ አጋድሞ ማሳደር፣ አልኮሉ በጥጡ ሁሉ ተዳርሶ የደረቀውን ቀለም ቀስ አድርጎ እንዲያሟሟው ያደርጋል። በዚያው ሰዓት ሞክሮ አልሆነም ብሎ የሚጥል ሰው ሊድን የነበረውን ማርከር ይጥላል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ መስኮት መክፈት፣ ሥሩ ጋዜጣ ማንጠፍ፣ ጓንት ማጥለቅና በአካባቢው እሳት አለመኖሩን ማየት እንደሚገባ ጨምረዋል።

እኔም ከዚህ በኋላ የንብረት ክፍሉን ካርቶን በዚህ መለያ መሠረት በሦስት መክፈል ጀምሬአለሁ፤ ሥራው ቀላልና ፈጣን ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

16ኛ እና 17ኛ ምላሾች

አንድ ተሳታፊ የጣና እርጥበት አየሩን ስለሚያለሰልሰው የባሕር ዳር ማርከር እንደ ሌላው አገር መድረቅ አልነበረበትም የሚል ግምት አቀረበ። አንድ የፊዚክስ መምህር በአክብሮት አረሙት። በአየር ውስጥ ያለው የውኃ እንፋሎት የውኃን መትነን እንጂ የአልኮልን መትነን ያን ያህል አይገታም፤ ለአልኮሉ የሚቆጠረው አየሩ ውስጥ አስቀድሞ ያለው የአልኮል ትነት ነው፣ እርሱም ከክዳኑ ውጭ የለም ማለት ይቻላል። ክዳን የሚጠብቀውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በጠባቡ ክፍት ቦታ የአልኮል ትነቱ ይሞላና ተጨማሪው መትነኑን ያቆማል። በዚያም ላይ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ውኃ እዚህ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ አልኮልም ከቆላው ትንሽ ፈጠን ብሎ ይተንናል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሙቀቱ ነው አሉ።

18ኛ እና 19ኛ ምላሾች

18ኛው ምላሽ ወደ ታሪክ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ ሲድኒ ሮዘንታል ማጂክ ማርከር የተባለውን ለገበያ እንዳቀረበ፣ በ1962 ደግሞ ጃፓናዊው ዩኪዮ ሆሪዬ የፋይበር ጫፍ ያለውን ብዕር እንደ ሠራ አወሳ። በ19ኛው ምላሽ አንዱ ታሪኩ ለደረቀ ማርከር ምን ይፈይዳል ብሎ በቁጣ ተናገረ። እኔ በዚህ አልስማማም። ያው 18ኛው ምላሽ እንደ ገለጸው፣ የቀድሞዎቹ ማርከሮች አሟሚ እንደ ዛይሊን ያለ ኃይለኛ ሽታ ያለው ፈሳሽ ነበር፤ አልኮሉ የመጣው ኋላ ነው። ታላላቆቻችን ደረቅ ማርከር በቲነር ይነሣል የሚሉት ከዚያ ዘመን በያዙት ልማድ እንደሆነ መገመት ይቻላል፤ ምክሩ ለዛሬው ማርከር ለምን እንደማይስማማም ከዚሁ እንረዳለን።

20ኛ፣ 21ኛ እና 22ኛ ምላሾች

አንዱ ማርከሩን ከከሰል ምድጃ አጠገብ ማሞቅ ይበቃል፣ ቡና ሲፈላ ጎን ለጎን ይደረጋል ብሎ ጻፈ። 21ኛው መላሽ በጣም ተቆጣ፤ እስከዚህ ድረስ ሁሉም አንቱ ሲባባሉ ቆይተው እርሱ ግን ወደ አንተ ወርዶ የሰውየውን ማስተዋል የሚነካ ነገር ተናገረ። በይዘቱ እውነት ነበረው፦ አልኮል ተቀጣጣይ ነው፣ የሞቀ ማርከር በውስጡ የታፈነውን ትነት ክዳኑ ሲከፈት ይለቃል፣ እሳቱ ደግሞ እዚያው ነው። አነጋገሩ ግን አላማረም። በ22ኛው ምላሽ አንድ አረጋዊ ሁለቱንም ልጆቼ ብለው አርመው፣ የመጀመሪያውን ከእሳቱ፣ ሁለተኛውን ከአንደበቱ እንዲጠነቀቅ መከሩ። መካሪው ባይታከልበት ክሩ እዚህ ላይ ሊበላሽ ነበር።

23ኛ ምላሽ

የዘጌ ተወላጅ የሆኑ ዲያቆን ሁለት ነገር አነሡ። የመጀመሪያው በቀጥታ የሚመለከተን ነው፤ በዘጌ ቡና ሲጠራቀም በጆንያ ላይ ስም ይጻፋል፣ የጆንያው ሻካራነትና አቧራው የማርከሩን ጫፍ ይፈትለዋል። የተፈተለ ጫፍ አልኮል አያቃናውም፤ መቁረጥ ወይም መገልበጥ እንጂ። ሁለተኛው ከጥላሸትና ከግራር ሙጫ ስለሚዘጋጀው የብራና ጥቁር ቀለም ነው። ያ ቀለም በቀንዱ ውስጥ ቢደርቅ በጥቂት ውኃ ተበጥብጦ ይመለሳል፤ ማርከሩ በውኃ የማይመለሰው ታዲያ ስለምን እንደሆነ መረዳት አቅቷቸው እንደነበር፣ 3ኛውን ምላሽ ካነበቡ በኋላ ግን የግራር ሙጫ በውኃ የሚሟሟ፣ የማርከሩ ሙጫ የማይሟሟ በመሆኑ እንደሆነ እንደ ገባቸው ጻፉ። ለእኔ ከክሩ ውስጥ በጣም ያስደሰተኝ ይህ ነበር፤ ሰውየው በሚያውቁት ሙያ የማያውቁትን መርምረው ደርሰውበታልና።

24ኛ ምላሽ

በቤተ ሙከራ የዓሣ ናሙና ሲያደራጁ የኖሩ ባለሙያ ከሌላ ወገን ማስጠንቀቂያ አመጡ። ጣና ላቤኦባርበስ ከተባለው የዓሣ ወገን 15 ያህል ዝርያዎች አሉት፤ አንዳንዶቹን ከአንዳንዶቹ መለየት ለሠለጠነ ዓይን እንኳን ያስቸግራል። ናሙናዎቹ በ70 በመቶ አልኮል ውስጥ በጠርሙስ ሲቀመጡ የተያዙበት ቦታና ቀን የሚጻፈው በእርሳስ፣ በጠንካራ ወረቀት ላይ ሆኖ ወረቀቱ ከዓሣው ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። በማርከር የተጻፈ እንደሆነ አልኮሉ አሟሙቶ ያጠፋዋል፣ ማስታወሻው የጠፋበት ዓሣም ለጥናት ዋጋውን ያጣል። ማርከርን የሚያስነሣው ፈሳሽ ጽሑፉን የሚያጠፋው ያው ፈሳሽ ነውና፣ አልኮል በሚፈስበት ቦታ አዲስም ሆነ የተነሣ ማርከር አይታመን አሉ። ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራዎችም የሚሠራ ቃል ነው።

25ኛ እና 26ኛ ምላሾች

የተጣሉ ማርከሮች በጎርፍ ወደ ጣና እንደሚገቡ የጠቀሰ ሰው ወዲያው ወደ እምቦጩ ተሻገረና ረጅም ምሬት ጻፈ። ሐሳቡ የሁላችንም ቢሆንም 26ኛው ምላሽ ለእርሱ ሌላ ክር እንዲከፈት ጠይቆ ወደ ማርከሩ መልሶናል።

27ኛ ምላሽ

ጸሐፊዋ የሒሳብ መምህርት ናቸው። የነጭ ሰሌዳ ማርከር በዚሁ መንገድ ይነሣ እንደሆነ ከመጠየቅ ይልቅ የሠሩትን ነገሩን። አብዛኛው የሰሌዳ ማርከርም አሟሚው አልኮል ስለሆነ ዘዴው ያው ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ ድርቀት ሳይሆን ተጠርጎ ያልጠፋ የቀድሞ ጽሑፍ ብናኝ ጫፉ ላይ መከማቸቱ ነው። ሰሌዳውን በደንብ አጽድቶ፣ ጫፉን በጨርቅ ጠርጎ መሞከር ይቀድማል። በስሕተት በፐርማነንት ማርከር የተጻፈበት ሰሌዳ ሲያጋጥምም በላዩ በሰሌዳ ማርከር ደግሞ ጽፎ ቶሎ መጥረግ፣ ወይም በአልኮል ማጽዳት እንደሚቻል አስታውሰዋል።

28ኛ እና 29ኛ ምላሾች

በመረብ ተንሳፋፊ ጀሪካኖች ላይ ቁጥር የሚጽፍ አንድ አሥጋሪ፣ ያስነሣው ማርከር በፀሐይ ቶሎ እየነጣ ስላስቸገረው አልኮሉ አበላሽቶት እንደሆነ ጠየቀ፤ ሲንቀጠቀጥ ውስጡ ኳስ የሚሰማበት የቀለም ማርከርም እንዳለውና እርሱ ደግሞ በአልኮል እንዳልተነሣ ጨመረ። የማስታወቂያ ባለሙያው እንደገና መጥተው፣ የሚነጣው በሚሟሟ ቀለም የተሠራ ማርከር ሁሉ በፀሐይ ጨረር ስለሚፈዝ እንደሆነ፣ አዲሱም ቢሆን ያው ዕጣ እንደሚደርሰው አስረዱ። ለተንሳፋፊ የሚሻለው ደቃቅ የቀለም ዱቄት የያዘው ባለኳሱ ነው። እርሱ ጫፉ ሲጫን በሚከፈት ትንሽ መዝጊያ የሚሠራ ስለሆነ በደንብ መናጥ፣ ጫፉን በወረቀት ላይ ደጋግሞ መጫን፣ ቀለሙ የዘይት ከሆነም ጫፉን ብቻ ነቅሎ በቲነር ማጠብ ያስፈልጋል፤ ይህም ከቤት ውጭ፣ ሕፃናት በሌሉበት፣ ትነቱን ሳይስቡ ይሁን። ቲነርም ሆነ አሴቶን ወደ ማርከሩ አካል እንዳይገባ፣ አንዳንዱን ፕላስቲክ እንደሚያሟሟው አስጠንቅቀዋል።

መዝጊያው ራሱ በደረቀ ቀለም የተጣበቀበትን ባለኳስ ማርከር እንዴት እንደሚከፍቱት ግን እስካሁን የጻፈ የለም። የሠራችሁ ካላችሁ፣ የማርከሩን ዓይነትና የተጠቀማችሁበትን ፈሳሽ ጠቅሳችሁ ከዚህ በታች ጻፉልን።